ሚስ ሚሊጋንና «የ51ኛው ክፍለ ጦር ሪል»

ለመሆኑ ጭፈራ ስም አለው ወይ? በስኮትላንድ አገር አለው። አንዱ በሰው ስም፣ አንዱ በመንደር ስም፣ ሌላው በአንድ ትልቅ ቤት ወይም በአንድ ድል ስም ይጠራል። ከነዚህ ሁሉ መካከል ግን ስሙ ለጆሮ ግር የሚል አንድ ጭፈራ አለ፤ «የ51ኛው ክፍለ ጦር ሪል» ይባላል። ሪል ማለት በአገሩ አጠራር ፈጣን የሆነ የጭፈራ ዓይነት ነው። ታዲያ ጦርና ጭፈራን ምን አገናኛቸው? እኛም ይህንኑ ብለን ነገሩን ስንከታተል መንገዱ ወደ ጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን ወደ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ፣ እዚያም ወደነበሩት ወደ አንዲት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ወሰደን። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የሚስ ጂን ካላንደር ሚሊጋንን የሕይወት ታሪክ እናቀርባለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ጭፈራው ምን እንደሚመስል ባጭሩ እናስረዳ። የስኮትላንድ የገጠር ጭፈራ አንድ ሰው ብቻውን ወጥቶ ችሎታውን የሚያሳይበት አይደለም። ወንዶች በአንድ ረድፍ፣ ሴቶች በሌላው ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ብዙውን ጊዜ አራት ጥንድ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ጥንድ በሙዚቃው ምት እየተመራ በሌሎቹ መካከል ይመላለሳል፣ ይዞራል፣ ከጎረቤቱ ጋር እጅ ይያያዛል፤ ከዚያም አንድ ቦታ ዝቅ ይላል። እንዲህ እያለ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። ፈጣኖቹ ሪልና ጂግ ይባላሉ። ዘግየት ብሎ የሚሄደው ስትራዝስፔ ሲባል ስሙን ያገኘው ከስፔ ወንዝ ሸለቆ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም መደናበሩ ነው። ስለዚህ ጨፋሪው የራሱን እግር ብቻ ሳይሆን የጓደኛውንም ቦታ ማወቅ አለበት። ይህን ያዙልን፤ ወደኋላ ላይ ይጠቅመናል።

ሚስ ሚሊጋን የተወለዱት በጁላይ 9 ቀን 1886 ዓ.ም. በግላስጎ ከተማ ነው። ግላስጎ በዚያን ጊዜ መርከብ የሚሠራባት፣ ጭስ የሞላባት፣ ሠራተኛው በየጠባቡ ቤት ተጨናንቆ የሚኖርባት ትልቅ ከተማ ነበረች። እዚያው ጋርኔትሂል በሚባለው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው በዳርትፎርድ የሰውነት ማጎልመሻ ኮሌጅ ገቡ። ይህ ኮሌጅ ተራ ኮሌጅ አልነበረም። ያቋቋሙት ማርቲና በርግማን ኡስተርበርግ የተባሉ የስዊድን ሴት ናቸው። በዚያን ዘመን ሴት ልጅ ሮጣ፣ ዘላ፣ ላብ አውጥታ መታየቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት አገር፣ ሴቶች በሳይንስ መንገድ ሰውነታቸውን እንዲያጠነክሩና ይህንኑ ሙያ ለሌሎች እንዲያስተምሩ ያሠለጥኑ ነበር። ትምህርቱ ከስዊድን የመጣው የሊንግ ጅምናስቲክ ነው። በዚህ ጅምናስቲክ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተለክቶ፣ ተከፋፍሎ፣ በቅደም ተከተል ይሰጣል። ሚስ ሚሊጋን ያገኙት ይህ የማስተማር ዘዴ በኋላ ለጭፈራው ትልቅ መሣሪያ ሆነላቸው።

ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ግላስጎ ሲመለሱ ሥራቸው መምህራንን ማሠልጠን ሆነ። መጀመሪያ ያስተማሩት ደንዳስ ቬል በሚባለው ቦታ ነበር። ስለዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። እዚያ በ1837 ዓ.ም. ዴቪድ ስቶው የተባሉ ሰው ለመምህራን ማሠልጠኛ ተብሎ የታነጸ ሕንፃ አሠርተው ነበር። ስቶው መምህር ማለት የሚያውቅ ሰው ብቻ ሳይሆን ማስተማርን የተማረ ሰው ነው ብለው ያምኑ የነበሩ ናቸው። ከዚያ ማሠልጠኛው ወደ ጆርዳንሂል ተዛወረ፤ ሚስ ሚሊጋንም አብረው ሄዱ። እስከ 1948 ዓ.ም. ጡረታ እስከወጡ ድረስ ሥራቸው አንድና አንድ ነበር፤ ወጣት ሠልጣኞችን በየዓመቱ ተቀብሎ፣ አስተምሮ፣ ወደየትምህርት ቤቱ መላክ። ትዳር አልመሠረቱም። ሰው ሁሉ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ድረስ የሚጠራቸው ሚስ ሚሊጋን እያለ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ዓ.ም. ሲያበቃ የስኮትላንድ የገጠር ጭፈራ በመጥፋት ላይ ነበር። ነገሩ ባንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋልስና ፖልካ የሚባሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተቃቅፎ የሚጨፈሩ ዳንሶች ከአውሮፓ አገሮች ገብተው የከተማውን አዳራሽ ያዙ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከአሜሪካ ጃዝና ፎክስትሮት መጡ። ወጣቱ ወደ አዲሱ ሄደ። አሮጌውን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየገጠሩ ቀሩ። ጦርነቱ ራሱም ስንቱን ጎልማሳ ቀጥፎ ሄዷል። አንድ ሽማግሌ ሲሞት አብሮት አንድ ጭፈራ ይቀበር ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም ጭፈራ እንደ ዕቃ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው በሰው እግር ውስጥ ነው። የሚጨፍረው ሰው ከሌለ እሱም የለም።

በጎረቤት አገር በእንግሊዝ ሴሲል ሻርፕ የተባሉ ሰው የሕዝቡን ጭፈራ እየሰበሰቡ በ1911 ዓ.ም. አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። የስኮትላንዱ ግን ሰብሳቢ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ሁለተኛዋ ሴት ወደ ታሪኩ የሚገቡት። ወይዘሮ ኢዞቤል ስቱዋርት ይባላሉ፤ የፋስናክሎይች ቤት እመቤት ናቸው። ወይዘሮዋ በአርጋይል አውራጃ የልጃገረዶች ስካውት ኃላፊ ነበሩ። ልጆቹ የአገራቸውን ጭፈራ የሚማሩበት መጽሐፍ አለመኖሩ እንቅልፍ ነሣቸው። በልጅነታቸው የሚያውቋቸውን ጭፈራዎች በወረቀት ጽፈው ግላስጎ ወደሚገኘው ፓተርሰን ወደሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ይዘው ሄዱ። የድርጅቱ ሰው ማይክል ዳያክ ወረቀቱን ተቀበሉ። ነገር ግን ጭፈራ በወረቀት ብቻ እንደማይቆም ገብቷቸዋል መሰል፣ ወይዘሮዋን ከሚስ ሚሊጋን ጋር አስተዋወቋቸው። አንዷ ፍቅሩና ወረቀቱ አላቸው፤ ሌላዋ የማስተማር ዘዴውና በየዓመቱ የሚወጡ ሠልጣኞች አሏቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ተጀመረ።

በኖቬምበር 26 ቀን 1923 ዓ.ም. ግላስጎ ውስጥ አቴኒየም በሚባለው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዕለት የስኮትላንድ የገጠር ጭፈራ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ወዲያው የጭፈራ መጻሕፍት ማሳተም ጀመረ። እያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠው መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ጭፈራ ከነሙዚቃውና ከነአጨፋፈሩ ይይዛል። በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ በመጀመሪያ ተራ የገባው «ፔትሮኔላ» የተባለው ጭፈራ ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። ለምን ቢባል የድሮ ሰዎች የጻፉት ሲገኝ ግማሽ ነው። ለምሳሌ ዴቪድ ያንግ የተባለ የጽሕፈት መምህር በ1737 ዓ.ም. ለፐርዝ መስፍን በእጁ የጻፈው የጭፈራ ስብስብ አለ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ማን ወዴት እንደሚሄድ በጥቂት ቃላት ይናገራል እንጂ እግር እንዴት እንደሚነሣ፣ እጅ እንዴት እንደሚያያዝ አይናገርም። ደግሞስ ለምን ይናገር? በዚያን ጊዜ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ማንም አይጽፈውም፤ ሁሉም ሲረሳው ግን የሚጠየቅ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ሚስ ሚሊጋንና ጓደኞቻቸው ወደ አሮጌ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ወደ አሮጌ ሰዎችም መሄድ ነበረባቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ደግሞ አንድ ዓይነት አይናገሩም። በአንዱ ወረዳ በቀኝ እጅ የሚዞረው በሌላው በግራ ነው። አንዱ ስምንት ምት የሚፈጀውን ሌላው በአራት ይጨርሰዋል። ሁሉም የኔ ነው ትክክለኛው ይላል።

እዚህ ላይ ሚስ ሚሊጋን አንድ ውሳኔ ወሰኑ። አንዱ መንገድ ተመርጦ ይጻፍ፤ የተጻፈውም በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ ይማር። የእግር አጣጣሉም ተወሰነ። ጣት ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሣል፣ ወገብ ቀጥ ይላል። ሲያስተምሩም ጥብቅ ነበሩ፤ የተዝረከረከ እርምጃ አይወዱም። ይህ ሁሉ ከዳርትፎርድ የመጣ ነው ብለን እንገምታለን። እንቅስቃሴው ተለክቶ፣ ተከፋፍሎ፣ በቅደም ተከተል እንዲሰጥ ማድረግ ማለት ነው።

ይህ ውሳኔያቸው በጊዜውም ሆነ ከዚያ በኋላ ተቃውሞ አላጣም። ተቃዋሚዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው። የገበሬውና የእረኛው ጭፈራ ወደ አዳራሽ ገብቶ ነጭ ቀሚስ ለበሰ፤ የጎተራው ጩኸትና ሳቅ ቀርቶ የባሌት ትምህርት መሰለ፤ በየወረዳው የነበረው ልዩነት በአንድ መጽሐፍ ተደፈነ። እኛም በዚህ ላይ ርስ በርሳችን ተከራክረናል። ከፊሎቻችን ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው አልን። የተጻፈው ትክክል ከሆነ ያልተጻፈው ስሕተት መሆኑ ነዋ! ባለቤቱ ሽማግሌ በገዛ ጭፈራው ተሳስተሃል መባሉ ያሳዝናል። ሌሎቻችን ደግሞ ምርጫው በአንድ ጭፈራና በብዙ ጭፈራ መካከል አልነበረም፤ በአንድ ጭፈራና በምንም መካከል ነበር አልን። ሁሉም እስኪስማማ ቢጠበቅ ሽማግሌዎቹ አንድ ባንድ አልቀው ነበር። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው፤ ውሳኔው ዋጋ ያስከፈለ ቢሆንም ያተረፈው ከከፈለው ይበልጣል። ዋጋ አልተከፈለበትም ማለት ግን ውሸት ነው።

የሚስ ሚሊጋን ትልቁ ጥበብ ግን መጽሐፉ አልነበረም። መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ይችላል። ጥበባቸው መምህርን መያዛቸው ነው። በየዓመቱ ከጆርዳንሂል የሚወጡት ሠልጣኞች ጭፈራውን በእግራቸው ይዘው ይወጡ ነበር። አንድ መምህር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲሄድ አርባ ልጅ ይማራል፤ ከአርባው ልጅ ጥቂቱ አድጎ መምህር ይሆናል። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበሩ በሴይንት አንድሩስ ከተማ የክረምት ትምህርት ቤት ከፈተ። ሰዎች ከየቦታው እየመጡ በበጋ ዕረፍታቸው እዚያ ይማሩ ጀመር። ለማስተማር የሚፈልግም ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ፈታኟ ራሳቸው ሚስ ሚሊጋን ሲሆኑ የተፈታኙ ጉልበት መንቀጥቀጡ አይቀርም ነበር ብለን እናስባለን። በየከተማውም የማኅበሩ ቅርንጫፎች ተቋቋሙ። ከነዚህ አንዱ የፐርዝ ቅርንጫፍ ነው። የዚህ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር ቶም ሃሪስ ሃንተር የተባሉ መኮንን ነበሩ። ይህን ስም ያዙልን።

በ1939 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። 51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦር ከሰሜን ስኮትላንድ ተራሮችና መንደሮች የተውጣጣ ጦር ነው። ወንድም ከወንድም፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር አብሮ የዘመተበት ስለሆነ ክፍለ ጦሩ ተመታ ማለት አንድ አገር ሙሉ ሐዘን ተቀመጠ ማለት ነው። በሜይና በጁን 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲወር አብዛኛው የእንግሊዝ ጦር ከደንከርክ በመርከብ አመለጠ። 51ኛው ግን በፈረንሳዮች ትእዛዝ ሥር ሆኖ በሌላ ግንባር ስለነበር ከዚያ አልነበረም። እየተዋጋ እያፈገፈገ ሳን ቫለሪ አን ኮ ወደምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ደረሰ። መርከቦች ሊያወጡት ተጠብቀው ነበር፤ ጭጋጉ ግን ከለከላቸው። በጁን 12 ቀን የክፍለ ጦሩ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ቪክተር ፎርቹን እጃቸውን ለጄኔራል ሮመል ሰጡ። 10 ሺህ ያህል የክፍለ ጦሩ ሰዎች ተማረኩ።

ምርኮኞቹ በእግራቸው ፈረንሳይን አቋርጠው፣ ከዚያም በራይን ወንዝ በጀልባ ተጭነው ወደ ጀርመን ተወሰዱ። መኮንኖቹ ላውፈን ወደተባለ የባቫሪያ ከተማ ደረሱ። እዚያ በድሮ ጊዜ የሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳሳት የነበረ ቤተ መንግሥት የምርኮኞች ካምፕ ተደርጎ ነበር። ምግቡ ጥቂት፣ ቦታው ጠባብ፣ ቀኑ ረጅም ነው። ጦርነቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ የለም። ለወታደር ደግሞ ከረኀቡ ይልቅ የሚብሰው ሳይዋጋ መቀመጡና ተሸንፌያለሁ የሚለው ሐሳብ ነው።

ከምርኮኞቹ መካከል እነሆ ሌተና ኮሎኔል ሃሪስ ሃንተር፣ የፐርዙ ቅርንጫፍ ሊቀመንበር፣ ነበሩ። ሰውየው ምንም የያዙት ነገር የለም፤ መጽሐፍ የለም፣ አዳራሽ የለም። የያዙት በእግራቸው ያለውን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ጠባቂው ሊቀማቸው አይችልም። ስለዚህ ካምፑ ውስጥ የጭፈራ ትምህርት ጀመሩ። ሴት ስለሌለ የሴቶቹንም ረድፍ ወንዶች ያዙት። ከተማሪዎቹ መካከል መቶ አለቃ ጂሚ አትኪንሰን የተባሉ የአርጋይል ሬጅመንት መኮንን ነበሩ። እኚህ መኮንን የታወቀውን መማር ብቻ አልበቃቸውም፤ አዲስ ጭፈራ አወጡ። ሃሪስ ሃንተርና ሌላው መኮንን ፒተር ኦሊቨር ደግሞ ቅርጹን በማስተካከል ረዷቸው።

የጭፈራው ልብ በመካከሉ ያለው ክፍል ነው። የስኮትላንድ ባንዲራ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስቀል አለበት። ይህ የቅዱስ እንድርያስ መስቀል ነው፤ ሐዋርያው እንድርያስ የአገሩ ጠባቂ ቅዱስ ተደርጎ ይቆጠራል። በጭፈራው ውስጥ የመጀመሪያው ጥንድ መሐል ላይ ሆኖ በመጀመሪያ በአንደኛው ሰያፍ ማዕዘን ካሉት ሁለት ጨፋሪዎች ጋር ይዞራል፤ ከዚያ አራቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ሰያፍ መስመር ይቆማሉ። ቀጥሎ ከሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ጋር ያንኑ ይደግማሉ፤ መስመሩ በተቃራኒው ሰያፍ ይሆናል። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ሲታሰቡ የእንድርያስ መስቀል ይወጣል። በመጨረሻ ስድስቱ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ወዲያና ወዲህ ይዞራሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ባንዲራ መስቀል በማይቻልበት በጠላት ግቢ ውስጥ ምርኮኞቹ ባንዲራቸውን በሰውነታቸው ሠሩት። ስሙንም በሳን ቫለሪ በተማረከው ክፍለ ጦራቸው ጠሩት።

ምርኮኞቹ በኋላ ወደ ቫርቡርግ ካምፕ ተዛወሩ። ጭፈራው ለተመልካች የቀረበው እዚያ በኦክቶበር 1941 ዓ.ም. መጨረሻ በተከበረ የበዓል ማታ ነው። ከዚያም ወደ አገር ቤት ደረሰ፤ ማኅበሩም በ1945 ዓ.ም. ባሳተመው በ13ኛው መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማኅበሩ የተመሠረተው አሮጌውን ከመጥፋት ለማዳን ነበር። ይህ ጭፈራ ግን አሮጌ አይደለም፤ ያወጡት ሰዎች በሕይወት ያሉ፣ ያውም ገና ከምርኮ የተመለሱ ናቸው። እሱን መጽሐፍ ውስጥ ማስገባት ማለት ይህ ነገር የሙዚየም ዕቃ አይደለም፤ ገና ይወልዳል ብሎ መመስከር ነው። ክፍለ ጦሩም ቢሆን በስሙ እንደገና ተቋቁሞ በ1942 ዓ.ም. በኤል አላሜይን ተዋግቷል፤ በሴፕቴምበር 1944 ዓ.ም. ደግሞ ተመልሶ ሳን ቫለሪን ነጻ ካወጡት ውስጥ ሆኗል። የጭፈራው ስም ግን ያስታወሰው ድሉን ሳይሆን የተማረኩትን ነው።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያዙልን ያልነውን አንድ ላይ እናምጣ። ጨፋሪ የጓደኛውን ቦታ ማወቅ አለበት ብለናል። ለምርኮኛ ከዚህ የበለጠ ምን ትምህርት አለ? ሃሪስ ሃንተር ያን ዕውቀት ያገኙት ከማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ደግሞ ሁለት ሴቶች ግላስጎ ውስጥ ባይገናኙ ኖሮ አይኖርም ነበር። ሌላም አለ። ላውፈን ውስጥ የተገናኙት መኮንኖች ከተለያየ ወረዳ የመጡ ናቸው። አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ የሚዞር ቢሆን ትምህርቱ በክርክር ባለቀ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው የጋራ አጨፋፈር መኖሩ፣ ያ ተቃውሞ የበዛበት የሚስ ሚሊጋን ውሳኔ፣ በዚያ ጨለማ ቦታ ጠቃሚነቱ ታየ ብለን እናምናለን።

ከጦርነቱ በኋላ ሚስ ሚሊጋን በ1948 ዓ.ም. ከማሠልጠኛው ጡረታ ወጡ። ጡረታ ስንል ግን ዕረፍት ማለት አይደለም። በ1951 ዓ.ም. ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ማኅበሩ ንጉሣዊ ተብሎ እንዲጠራ ፈቀዱ። በ1956 ዓ.ም. መቶ አንድ የስኮትላንድ የገጠር ጭፈራዎችን የያዘ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ስኮትላንዳውያን ተሰደው በሚኖሩባቸው ሩቅ አገሮች ቅርንጫፎች ሲበዙ እሳቸውም ባሕር እየተሻገሩ ያስተምሩና ይፈትኑ ነበር። የሴይንት አንድሩስን የክረምት ትምህርት ቤት እስከ እርጅናቸው ድረስ አልተለዩትም። በ1977 ዓ.ም. የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በዓመቱ በጁላይ 1978 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሰየመ ጭፈራም አለ፤ «የሚስ ሚሊጋን ስትራዝስፔ» ይባላል። የጭፈራ ስም ሲያጠኑ የኖሩት ሴት ራሳቸው የጭፈራ ስም ሆኑ ማለት ነው።

ዛሬ የማኅበሩ ቁጥር ያላቸው መጻሕፍት ከሃምሳ በልጠዋል። በየአገሩ ሰዎች የሚያወጧቸው አዳዲስ ጭፈራዎችም ከዐሥር ሺህ በላይ ሆነዋል። ጆርዳንሂል በ1993 ዓ.ም. ከስትራዝክላይድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቅሎ፣ በኋላም ግቢው ተዘግቶ፣ ዛሬ በቦታው መምህር አይሠለጥንበትም። ሕንፃው ተዘጋ፤ ከሕንፃው የወጣው ግን እየጨፈረ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ ዕጩ መምህራን ምን እንወስዳለን? ነገ ከነገ ወዲያ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ልንመደብ ነው። በየምንሄድበት ቦታ ልጆች የሚጫወቱት ጨዋታ፣ እናቶች በሠርግ፣ ሽማግሌዎች በበዓል የሚጨፍሩት ጭፈራ ይኖራል። አንዳንዱ በወረዳው እንጂ ከወንዝ ማዶ አይታወቅም። አንድ ደብተር ለዚህ ብለን እንያዝ። ማን እንዳሳየን፣ የት ቀበሌ፣ በምን በዓል፣ ስንት ሰው እንደሚቆም፣ በየትኛው እግር እንደሚጀመር፣ ስሙንና ስሙ ከምን እንደመጣ እንጻፍ። በተለይ ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው ብለን የምናልፈውን ነገር እንጻፍ፤ የሚጠፋው እሱ ነውና። ሁለት ሽማግሌዎች ሁለት ዓይነት ካሳዩን ደግሞ አንዱን ትክክል፣ አንዱን ስሕተት አንበል፤ ሁለቱንም ከነባለቤቱ እንመዝግብ። እዚህ ላይ ከሚስ ሚሊጋን ትንሽ ለየት ማለት ይቻለናል፤ እሳቸው ጊዜ አጥሯቸው መምረጥ ነበረባቸው።

ከሁሉም በላይ ግን ደብተሩ በቂ አይደለም። ጽፈን ሳጥን ውስጥ ከቆለፍንበት ያው ቀበርነው ማለት ነው። ለልጆቹ እናስተምረው። ከክፍላችን ከሚወጡት አርባ ልጆች የትኛው የት እንደሚደርስ፣ ያስተማርነውን በምን ቀን እንደሚፈልገው አናውቅም። ሚስ ሚሊጋን በ1923 ዓ.ም. ልጃገረዶች የአገራቸውን ጭፈራ ይማሩ ብለው ሲነሡ፣ ያ ትምህርት ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በባቫሪያ ካምፕ ለተራቡ ወታደሮች ስንቅ ይሆናል ብሎ የነገራቸው ማንም አልነበረም። መምህር ዘሩን ይዘራል፤ መከሩን የሚያየው ሌላ ሰው ነው።